ስልክ የማያሳየው ቁስል

ባለፈው ክረምት አንዲት የ78 ዓመት እናት ወደ ድንገተኛ ክፍል መጡ። ይዛቸው የመጣችው በሚኖሩበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። «ምግብ እንቢ ካሉ ሁለት ቀናቸው ነው። ዛሬ ደግሞ ሰው መለየት አቃታቸው፤ ይቀባዥራሉ» አለችን። ትኩሳት አልነበራቸውም። የደም ግፊታቸው ግን በጣም ወርዶ ነበር። ወደ ጎን ስናገላብጣቸው ምክንያቱን አገኘነው። ከወገባቸው በታች፣ መቀመጫቸው ላይ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ እስከ አጥንት የዘለቀ ቁስል ነበረባቸው። ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው ገብቷል።

ልጃቸው ሰሜን አሜሪካ ነው የሚኖረው። የመጦሪያ ቤቱን ክፍያ አንድም ወር አሳልፎ አያውቅም። በስልክ አግኝተን ስንነግረው፣ «ዶክተር፣ ከትናንት ወዲያ እኮ በቪዲዮ አይቻታለሁ፤ ፊቷ ደህና ነበር» አለኝ። ልጁ ያለው እውነት ነው። ስልኩ የሚያሳየው ፊት ነው፤ ቁስሉ ያለው ደግሞ በጀርባ ነው።

ወጣቷ ሠራተኛም ክፉ ሰው አልነበረችም። እንባዋን እየጠረገች፣ ሌሊት ሌሊት ዘጠኝ አረጋውያንን ብቻዋን እንደምትጠብቅ ነገረችን። አጥባ የምታለብሳቸውም፣ የምታጎርሳቸውም እሷ ናት። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየተወሰነ ሰዓት መገላበጥ እንዳለበት ግን ያስተማራት ሰው አልነበረም። ብታውቅስ ኖሮ ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች?

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ምክሬ ከዚህ ይነሣል። አረጋዊን ለመጦር ደግ ልብ ያስፈልጋል፤ ደግ ልብ ብቻውን ግን አይበቃም። ሥርዓት ይፈልጋል፤ የሚያይ ዐይንም ይፈልጋል።

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» በምንባባልበት አገር ወላጅን መጦሪያ ቤት ማስገባት ብዙዎችን ያሳፍራል። ኑሮው ግን ተለውጧል። ልጆች ባሕር ማዶ ናቸው፤ አገር ቤት ያሉትም ባልና ሚስት ሥራ ውለው ይገባሉ፤ ስትሮክ የመታቸው አባት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይውላሉ። እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማዕከላት ረዳት ያጡ አረጋውያንን ከጎዳና እያነሡ ይደግፋሉ። በክፍያ የሚያስተናግዱ ቤቶችም አሉ። ወላጁን እዚያ ያስገባ ልጅ ሁሉ ጨካኝ አይደለም። ነገር ግን የልጅነት ኃላፊነት ክፍያ በመፈጸም አያበቃም። ከዚህ ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ነጥቦች ወላጆቻቸውን በቤታቸው ሆነው ለሚያስታምሙም ያገለግላሉ።

ከመግባታቸው በፊት ስለ ሌሊቱ ይጠይቁ

ቤት ስንመርጥ ብዙዎቻችን የምናየው ግቢውን፣ ሶፋውንና የግድግዳውን ቀለም ነው። እኔ የምመክርዎ ግን በመጀመሪያ ስለ ሌሊቱ እንዲጠይቁ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ስንት ሠራተኛ ለስንት አረጋዊ ይቀራል? መንቀሳቀስ የማይችልን ሰው ቆዳውን ሳይጎዱ ለማገላበጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሌሊት አንድ ሰው ብቻ የሚያድር ከሆነ በሌሊት የሚገላበጥ አረጋዊ የለም ማለት ይቻላል።

ቀጥለው ነርስ መኖሩን፣ ሌሊት ሕመም ቢነሣ በምን መኪና ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚወስዱ፣ ለእያንዳንዱ አረጋዊ መዝገብ መያዙንም ይጠይቁ። መዝገቡን እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። በመጨረሻም «ሳልናገር ብመጣ ታስገቡኛላችሁ?» ይበሉ። መልሱ «በቀጠሮ ብቻ» ከሆነ ደጋግመው ያስቡበት። ከተቻለ በምሳ ሰዓት ይሂዱ። አረጋውያኑ በስማቸው ይጠራሉ? የሚያጎርስ ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል ወይስ ቆሞ ያቻኩላል? ኮሪደሩ የሽንት ሽታ አለው? አፍንጫ ከማስታወቂያ ወረቀት የበለጠ ይናገራል።

የመኝታ ቁስል

የመኝታ ቁስል የሚመጣው ሰውነት በአንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲጫን የደም ዝውውር ስለሚቋረጥ ነው። በሰዓታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ለመዳን ግን ወራት ይፈጃል። በብዛት የሚወጣው አጥንት ለቆዳ በሚቀርብባቸው ቦታዎች ማለትም በመቀመጫ፣ በዳሌ፣ በተረከዝ፣ በቁርጭምጭሚት፣ በክርን፣ በትከሻና በማጅራት በኩል ባለው የጭንቅላት ክፍል ላይ ነው።

መጽሐፍት የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው ይላሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በዐይን ብቻ ሳይሆን በእጅም ይመርምሩ። ከአካባቢው ይልቅ የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ፣ የጠነከረ ወይም የላላ፣ ሲነኩት የሚያም፣ ወደ ጥቁረት ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ቦታ ካገኙ ቁስሉ ጀምሯል ብለው ያስቡ።

አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የተለመደው መነሻ ነው፤ እንደ ፍራሹና እንደ ሰውየው ሁኔታ የጤና ባለሙያ ሊያስተካክለው ይችላል። ወንበር ላይ የሚውሉትን ደግሞ ቢያንስ በየሰዓቱ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ተረከዝ ፍራሹን እንዳይነካ ከባት ሥር ትራስ ያድርጉ። ዳይፐር እንደረጠበ ይቀየር። ሲያዞሯቸው ያንሷቸው እንጂ አይጎትቷቸው። ሁለት የተለመዱ ስህተቶችም አሉ። የመጀመሪያው የተጎዳውን ቦታ በቅባት አጥብቆ ማሸት ሲሆን፣ ሁለተኛው መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት መሰል ትራስ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ጉዳቱን ያባብሳሉ።

መውደቅ

ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ይወድቃል። በመጦሪያ ቤት የሚኖሩት ደግሞ ከዚያም በላይ ይወድቃሉ። ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ ወደ ቀድሞ አቅሙ መመለስ ሊያቅተው ይችላል።

ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱን ገብተው ይዩ። መያዣ ብረት አለው? ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ነው? ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ድረስ ሌሊት መብራት ይበራል? እግር ላይ የማይጠብቅ ነጠላ ጫማና መሬት የሚጠርግ ጋቢ ብዙ ሰው ጥለዋል። መነጽራቸውና ምርኩዛቸው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ይሁን። «እንዳይወድቁ» ተብሎ ከወንበር ወይም ከአልጋ ጋር ማሰር ግን መፍትሔ አይደለም። የታሰረ ሰው ጡንቻው ይደክማል፣ የመኝታ ቁስል ይወጣበታል፣ ለመፈታት ሲታገልም የባሰ ጉዳት ይደርስበታል።

መድኃኒት

ወላጅዎ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ስሙ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱና የታዘዘበት ምክንያት ይኑርበት። አንዱን ቅጂ ለቤቱ ይስጡ፤ አንዱን እርስዎ ይያዙ። መድኃኒቶቹ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም አንድ በአንድ ይያቸው። መቀነስ የሚገባቸው ይኖራሉ።

ሦስቱን በተለይ ልብ ይበሉ። አንደኛው የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት ነው። «አስቸገሩን» ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ከሆነ አረጋዊውን ያፈዘዋል፤ ለመውደቅም ይዳርገዋል። ቀድሞ ንቁ የነበሩ እናት ቀን ቀን ተኝተው ካገኟቸው «ምን እየወሰዱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ሦስተኛው የስኳር መድኃኒት ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ተሰጥቶ ምግብ ከዘገየ የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። በተለይ መጾም የሚፈልጉ አባቶችና እናቶች መድኃኒታቸውን አስቀድመው ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ። የንስሐ አባታቸውን ወይም ኢማማቸውን ማማከርም ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ምግብና ውኃ

በእርጅና ጊዜ የውኃ ጥም ስሜት ይቀንሳል። አንዳንዶች ደግሞ «ሽንት ቤት ውሰዱኝ ብዬ ሰው አላስቸግርም» ብለው ሆን ብለው ሳይጠጡ ይውላሉ። ስለዚህ ውኃ እስኪጠየቅ አይጠበቅም፤ በየጊዜው ይቀርባል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ከሐኪማቸው ይወቁ።

ሲመገቡ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደሙ። እየተኙ የሚጎርሱ ወይም ሲውጡ የሚያስላቸው አረጋውያን ምግቡ ወደ ሳንባቸው ገብቶ የሳንባ ምች ሊይዛቸው ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው በየቀኑ ይታጠብ፤ ሌሊት ይውለቅ።

ክብደታቸው በየወሩ ይለካ። በወር ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ መቀነስ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ለምሳሌ 60 ኪሎ የነበሩ እናት በአንድ ወር 57 ከገቡ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ድንገት ሲቀባዥሩ

የመርሳት ሕመም ቀስ እያለ፣ በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ከተቀባዠሩ ወይም ከወትሮው በተለየ ፈዘው ከዋሉ ግን እርጅናም የመርሳት ሕመምም ብሎ ማለፍ አይገባም። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አረጋዊ ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ። የታሪኬ እናት ሁለት ቀን የዘገዩት «ዕድሜያቸው ነው» ተብሎ ነበር።

ተላላፊ በሽታም በመጦሪያ ቤት ፈጥኖ ይዛመታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አውሮፓን ሲመታ፣ በአንዳንድ አገሮች በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሞቱት እስከ ግማሽ የሚደርሱት በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ናቸው። የሚያስልዎ ወይም ጉንፋን የያዝዎ ከሆነ ጉብኝቱን ያስተላልፉ፤ ሲገቡም እጅዎን ይታጠቡ።

በደል ሁሉ ዱላ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ከሚሠሩ ሦስት ሠራተኞች ሁለቱ ባለፈው አንድ ዓመት በአረጋውያን ላይ አንድ ዓይነት በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ይህ ቁጥር ሠራተኞቹ ሁሉ ጨካኞች ናቸው ማለት አይደለም። ሥልጠና ያላገኘ፣ ደመወዙ ያነሰና ሌሊቱን ብቻውን ያደረ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግን ያሳያል። በደል መምታት ብቻ አይደለም። መጮህ፣ ማዋረድ፣ በረጠበ ዳይፐር ማቆየት፣ በር ከፍቶ ማጠብ፣ ገንዘብ መውሰድም በደል ነው።

ምክንያቱ በደንብ ያልተነገረ ሰንበር ወይም ብልዘት፣ ሠራተኛ ሲገባ የሚደነግጥ ፊት፣ ድንገተኛ ዝምታ ካዩ ወላጅዎን ብቻቸውን ያነጋግሩ። ከዚያም ኃላፊውን ይጠይቁ። መልስ ካጡ በአካባቢው ለሚገኘው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ ያሳውቁ። በሚቆጡበት ጊዜም ከደጉ ሠራተኛ ጋር አይጣሉ። «እናመሰግናለን» መባል የለመደ ሠራተኛ ችግር ሲኖር አይደብቅም።

ርቀው ለሚኖሩ

ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች በየሳምንቱ ፊት ማየታቸው ጥሩ ነው፤ ወላጅን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አገር ቤት አንድ የሚታመን ሰው ይወክሉ። የእህት ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የዕድር ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ሳይናገር፣ ሰዓት እየቀያየረ ይሂድ። ሲሄድም ከጥቂት ጥያቄዎች ጋር ይሂድ። ተረከዛቸውና መቀመጫቸው እንዴት ነው? በዚህ ወር ስንት ኪሎ ሆኑ? ወድቀው ያውቃሉ? አዲስ መድኃኒት ተጀምሯል? ጀርባን ማየት የሚያሳፍር ከሆነ ነርሷ ገላቸውን በምታጥብበት ሰዓት፣ የወላጅን ፈቃድ ጠይቆ፣ በክብር ማየት ይቻላል። የማያቋርጥ ጠያቂ ያለው አረጋዊ የተሻለ እንክብካቤ እንደሚያገኝ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

እኚያ እናት ሦስት ሳምንት በሆስፒታል ቆይተው ከሞት ተርፈዋል። ቁስላቸው ለመድረቅ ግን አምስት ወር ፈጅቷል። ዛሬም በዚያው መጦሪያ ቤት ይኖራሉ። ልጃቸው ቤቱን አልቀየረም፤ ቤቱ ግን ተቀይሯል። ሌሊት ሁለት ሰው ያድራል፤ ከአልጋቸው ራስጌም የመገላበጫ ሰዓት የሚሞላበት ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን የምትሞላው ያቺው ወጣት ናት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ሄዳ ወረቀቱን ታያለች፤ ከዚያም ተረከዛቸውን።