ስለ ብረት መርፌ ጥቅምና ጉዳት

ደም ያነሰው ሰው ፊቱ ይገረጣል፤ ጥቂት በተራመደ ጊዜ ልቡ ይደልቃል፤ ትንፋሽም ያጥረዋል። ይህን ደዌ ከሚያመጡት ምክንያቶች ዋነኛው በሰውነት ውስጥ የብረት ማነስ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰዎች «ከክኒን ይልቅ መርፌ ፈጥኖ ያድናል» በማለት ሐኪሙን አጥብቀው ይለምኑታል። በእርግጥ መርፌው ክኒኑ ላልተስማማው ወይም አንጀቱ ብረትን ለማይቀበልለት በሽተኛ ታላቅ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ጉዳቱንም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

አንደኛው ጉዳት ወዲያውኑ የሚታየው ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር ሲሰጠው የአንዳንዱ በሽተኛ ፊት ይቀላል፤ ደረቱን ያፍነዋል፤ ወገቡንም ያመዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ፈጥኖ ያልፋል። ከንፈርና ጉሮሮ ያበጠ፥ የደም ግፊትም የወረደ እንደ ሆነ ግን ለሞት ስለሚያሰጋ ሳይዘገይ አድሬናሊን መወጋት ያስፈልጋል። ይህ ብርቱ አደጋ በአዳዲሶቹ የብረት መድኃኒቶች እምብዛም አይደርስም፤ ቢሆንም ፈጽሞ አልጠፋም። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳሰበው፥ ለሙከራ ጥቂት መስጠት ዋስትና አይሆንም፤ በሽተኛውም በየጊዜው ከመርፌው በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሊጠበቅ ይገባል። ስለዚህ ይህ መርፌ በቤት ውስጥ የሚወጉት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳት ስውር ነው፤ ይኸውም በምግብ እጦት በተጎዳ ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ብረት በደም ውስጥ ብቻውን አይጓዝም፤ ትራንስፌሪን የተባለ ፕሮቲን ይሸከመዋል። በረኀብ እግሩ ያበጠ ሕፃን ግን ይህ ተሸካሚ ያንሰዋል። በቅሎ የጐደለበት ነጋዴ ጭነት ሲበዛበት ዕቃው በመንገድ ቀርቶ የሌባ ሲሳይ እንደሚሆን፥ ተሸካሚ ያጣ ብረትም የሰውነትን ሕዋሳት ይጐዳል፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንም ይመግባል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም እንዲህ ያለውን ሕፃን በመጀመሪያ ከተሕዋስያን በሽታ ማከምና በጥንቃቄ መመገብ ይገባል ይላል። ብረት የሚሰጠው የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ ክብደት መጨመር ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያውም በአፍ።

ሦስተኛ፥ ካርቦክሲማልቶዝ ያለበት የብረት መርፌ በደም ውስጥ የሚገኘውን ፎስፌት ሊያሳንስ ይችላል። ይህም ቫይታሚን ዲ ባነሰው ሰው ላይ ይበረታል፤ ሲደጋገምም ድካምና የአጥንት ሕመም ያመጣል። በሽተኛው ግን ድካሙ የደም ማነስ መስሎት ሌላ መርፌ ይፈልጋል።

እንግዲህ መምህራን የገረጣ ተማሪ ባዩ ጊዜ ወላጆቹን «መርፌ አስወጉት» ከማለት ይልቅ «አስመርምሩት» ቢሏቸው ይበጃል። ደሙን ያሳነሰው ወባ፥ የአንጀት ትል ወይም የምግብ ጉድለት መሆኑ ሳይታወቅ መድኃኒት አይመረጥም። መርፌው የታዘዘለትም ሰው ትኩሳት፥ አስም፥ ቀድሞ ያልተስማማው መድኃኒት ቢኖር፥ ሴትም ነፍሰ ጡር ብትሆን፥ ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ።