ሳይንስ ሙያው ላልሆነ ተማሪ፤ ስለ ሳይንስ ትምህርት አመራረጥ

ልጁን ሕግ ወይም ታሪክ ይማርልኝ ብሎ ወደ አሜሪካ የሰደደ ወላጅ፤ ልጁ «ሳይንስም መማር አለብህ ተባልሁ» ብሎ ቢጽፍለት መደነቁ አይቀርም። ነገሩ ግን በዚያ አገር የቆየ ልማድ ነው። በብዙዎቹ ኮሌጆች ዋናው ትምህርቱ ምንም ቢሆን፤ ተማሪው ጥቂት የተፈጥሮ ሳይንስ ሳይማር ዲግሪ አይሰጠውም።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄምስ ኮናንት ራሳቸው የኬሚስትሪ ሊቅ ነበሩ። እርሳቸው ያቆሙት የመምህራን ጉባኤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1945 ዓ. ም. ባወጣው መጽሐፍ፤ የተማረ ሰው ሁሉ ከሥነ ጽሑፍና ከማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት ጋራ የተፈጥሮን ሳይንስ ሊያውቅ ይገባል ሲል መከረ። ምክሩም እውነት ነው። ዳኛ ስለ መርዝ ምስክር ሲሰማ፤ ሹም ስለ ውሃና ስለ ተላላፊ በሽታ ሲወስን፤ ዐዋቂዎቹ የሚሉትን መመርመር ካልቻለ የነገሩትን ሁሉ ተቀባይ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ የሚያስቸግረው መምረጡ ነው። ታሪክ ለመማር የሄደች አንዲት የዘመዳችን ልጅ «የከዋክብት ትምህርት ቀላል ነው» የሚል ወሬ ሰምታ ገባችበት። ክፍሉ ግን የፊዚክስ ተማሪዎች የሚጀምሩበት ስለ ነበረ በየሳምንቱ የሚጠብቃት ሒሳብ ሆነ። የነቃችው ትምህርት ለመለወጥ የተወሰነው ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ውጤትዋም ዝቅ ስላለ የምትማርበትን የገንዘብ ርዳታ ልታጣ ጥቂት ቀርቷት ነበር። በዚያው ኮሌጅ እነዚያኑ ከዋክብት ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የሚያስተምር ሌላ ክፍል መኖሩን የሰማችው ኋላ ነው።

ስለዚህ መራጩ ስሙን ከማስጻፉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ።

1ኛ፤ ክፍሉ የተሰናዳው ለማን ነው? ሐኪምና መሐንዲስ ለሚሆኑት የተሰናዳው መጀመሪያ ቢባልም ከባድ ነው። ሌሎች ግን ሳይንስን ለማይቀጥሉ ተማሪዎች የተሰናዱ ናቸው፤ አሜሪካኖች ሒሳብ የማይበዛበትን ፊዚክስ «ፊዚክስ ለባለቅኔዎች» ይሉታል፤ በዚህም ስም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ዓ. ም. የመማሪያ መጽሐፍ ታትሟል።

2ኛ፤ ሒሳቡ እስከ ምን ይደርሳል? ካልኩለስ የሚሻ ከሆነ በትምህርቱ ዝርዝር ላይ ተጽፎ ይገኛል።

3ኛ፤ ላቦራቶሪ አለውን? ላቦራቶሪ ከንግግሩ ሌላ በየሳምንቱ ሰዓት ይወስዳል፤ ነገር ግን በእጁ እየሠራ ለሚገባው ሰው ደኅና ረዳት ነው።

መልሱንም ከአማካሪውና ትምህርቱን ከፈጸሙት ይጠይቅ፤ ምርጫውንም ወደ መጨረሻው ዓመት አይግፋ።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋራ የሚገናኘውን ቢፈልግ መልካም ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ስለ ምድር አፈጣጠር ሲማር የአገሩን ስምጥ ሸለቆ በመጽሐፉ ያገኘዋል፤ ስለ ሰው ዘር ጥንታዊ ታሪክ ቢማር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓ. ም. በሐዳር የተገኘችው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሚሆነው ድንቅነሽ ትጠብቀዋለች። ባሕረ ሐሳብ የተማረም ቢሆን አበቅቴ የሚቆጠርበት የ19 ዓመት ዙር በከዋክብት ትምህርት ሲነገር ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ለልጃችሁ ስትጽፉ «ቀላሉን ፈልግ» ብላችሁ አትምከሩት። ቀላል የተባለው ለሌላው ቀልሎ ለርሱ ይከብድ ይሆናል። «የሚገባህን ፈልግ፤ ሳይገባህም ሲቀር ቀኑ ሳያልፍ ጠይቅ» በሉት።