የዕጢዋ ኮርቻና መጎናጸፊያዋ

እስቲ ጣታችሁን በሁለቱ ዓይኖቻችሁ መካከል አኑሩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ከአንጎላችሁ ሥር፣ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። ክብደቷ ግማሽ ግራም ያህል ቢሆንም፣ የሰውነትን እድገትና የሌሎችን ዕጢዎች ሥራ ትመራለች።

ይህች ዕጢ እንዴት ትጠበቃለች? በመጀመሪያ፣ በራስ ቅል ወለል ላይ ባለ ጎድጓዳ አጥንት ውስጥ ተቀምጣለች። አጥንቱ ኮርቻ ስለሚመስል ሊቃውንት «የቱርክ ኮርቻ» ብለውታል። ሁለተኛም፣ ዱራ ማተር የተባለው ጠንካራ የአንጎል ሽፋን ወደ ጎድጓዳው ወርዶ ውስጡን ይለብጠዋል፤ ከላይም እንደ ጣሪያ ይዘረጋል። በጣሪያው መካከል ዕጢዋን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ቀጭን አገዳ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። የግራና የቀኙ ግድግዳ ግን ስስ ነው፤ ከበስተጀርባውም ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ታላላቅ ቧንቧዎች ያልፋሉ።

የዕጢዋ አፈጣጠር ከሁለት ወገን ነው። ፅንሱ 4 ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ከአፉ ጣሪያ አንድ ከረጢት ወደ ላይ ያድጋል፤ ከአንጎሉም ሌላ ክፍል ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ ተገናኝተው የዕጢዋ የፊትና የኋላ ክፍሎች ይሆናሉ። በዙሪያቸው ያለው ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ደግሞ ቀስ በቀስ ኮርቻውንና ሽፋኖቹን ይሠራል።

አንዳንድ ጊዜ በዕጢዋ ላይ እብጠት ይወጣል። እብጠቱ ሲያድግ ጣሪያውን ወደ ላይ ገፍቶ የዓይን ነርቮችን መገናኛ ይጫናል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ፊት ለፊት እያየ፣ በግራና በቀኝ ያለውን ማየት ይሳነዋል። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በአፍንጫ በኩል ገብተው እብጠቱን ያወጣሉ። ጣሪያው ከተቀደደ ግን የአንጎል ፈሳሽ በአፍንጫ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ዕጢዋን ብቻ ሳይሆን መጎናጸፊያዋንም ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።