አሮጌ ጃጓር ሲዘምን፦ ምን ይጨመር? ምንስ ይተው?

መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ጥቂት መኪኖች ግን ባረጁ ቁጥር ይወደዳሉ፤ በሁለቱም ትርጉሙ። ሰው ይወዳቸዋል፣ ዋጋቸውም ይወደዳል። ችግሩ ያለው ባለቤቱ ጋ ነው። ሰውየው የ60 ዓመት መኪና ገዝቶ በዛሬ መንገድ፣ በዛሬ ሙቀትና በዛሬ የትራፊክ ጭንቅንቅ ሊነዳው ይፈልጋል። ኤሲ ያምረዋል፣ ቀላል መሪ ያምረዋል፣ ስልኩን ከሬዲዮው ጋር ማገናኘትም ያምረዋል። እዚህ ላይ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ቅርስ ነው፣ አትንኩት!» ይላል። ሌላው ደግሞ «ካልተነዳ ምን ሊረባ?» ብሎ ይመልሳል።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ታዋቂ የስፖርት መኪና፣ የእንግሊዙን ጃጓር ኢ-ታይፕን፣ እንደ ምሳሌ ወስጄ ምን ምን እንደሚጨመርለት፣ የተጨመረውም እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ልኩ የት ላይ እንደሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ኢ-ታይፕ ምንድን ነው?

ኢ-ታይፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በማርች 1961 በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ነው። ያኔ ጃጓርን የሚመራው መሥራቹ ሰር ዊልያም ላየንስ ነበር፤ ፋብሪካው ደግሞ በኮቨንትሪ ከተማ ይገኝ ነበር። ቅርጹን ያወጣው ማልኮልም ሴየር ቀደም ሲል በአውሮፕላን ፋብሪካ የሠራ ባለሙያ ነው። የመኪናው አፍንጫ የረዘመውና አየር እየሰነጠቀ የሚሄድ የሚመስለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጄኔቫ ላይ መኪናውን ለመሞከር የፈለገው ሰው ስለበዛ፣ የኩባንያው ሞካሪ ሾፌር ኖርማን ዴዊስ ሌላ ኢ-ታይፕ ከኮቨንትሪ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ እንዲያደርስ ተደርጓል።

የመጀመሪያው ሞተር 3.8 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። ኩባንያው 265 የፈረስ ጉልበት አለው፣ በሰዓትም 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል ብሎ አስተዋወቀው። በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን ነበረው፤ ይህ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። በ1996 ደግሞ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ክፍት ጣሪያ ኢ-ታይፕ ወደ ስብስቡ አስገብቷል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን መኪና ማን ደፍሮ ይነካዋል? መልሱ ያስገርማል።

መጀመሪያ የነካካው ፋብሪካው ራሱ ነው

የመጀመሪያዎቹ ኢ-ታይፖች ወለላቸው ጠፍጣፋ ነበር። ረጅም ሰው ሲገባ እግሩን የሚዘረጋበት አጥቶ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋፋል። ቅሬታው ሲበዛ ፋብሪካው ዓመት እንኳ ሳይሞላ ወለሉን ወደ ታች አጎድጉዶ የእግር ቦታ አበጀ።

በ1964 ሞተሩ 4.2 ሊትር ሆነ። አብሮትም ብዙ ነገር ተቀየረ፦ የተሻለ መቀመጫ፣ የተሻለ የፍሬን አጋዥ፣ በዲናሞ ፈንታ አልተርኔተር፣ አንደኛ ማርሽ ሲገባ የማይንገጫገጭ ካምቢዮ። በ1968 የመጣው ሁለተኛው ተከታታይ ትንሽ የነበረው የአየር ማስገቢያ አፉ ሰፋ፣ ሁለት ቬንትሌተርም ተገጠመለት፤ ኤሲም ለፈለገ ይገጠም ጀመር። በ1971 ደግሞ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 5.3 ሊትር ሞተር ያለው ሦስተኛው ተከታታይ መጣ፤ የኃይል መሪም አብሮት ነበር። ምርቱ በ1974 እስኪቆም ከ72 ሺህ በላይ ኢ-ታይፖች ተሠርተዋል።

ስለዚህ «እንደ መጀመሪያው ይሁን» ሲባል የትኛው መጀመሪያ? የ1961ዱ ነው ወይስ የ1971ዱ? በነገራችን ላይ ዛሬ ሰብሳቢዎች አብልጠው የሚፈልጉት ያንኑ እግር የማያስዘረጋውን ጠፍጣፋ ወለል ነው። ያኔ ደንበኛ ያማረረበት ጉድለት ዛሬ የመኪናው የልደት ምስክር ወረቀት ሆኗል። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አንዱ ሌላውን ይጠራል

ብዙ ሰው «ኤሲ ብቻ ግጠሙልኝ፣ ሌላውን አትንኩ» ይላል። ጉዳዩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ለምን እንደሆነ በ3.8ቱ ኢ-ታይፕ ላይ ደረጃ በደረጃ እንየው።

ሞተር የሚቀዘቅዘው በውስጡ በሚዞር ውኃ ነው። ውኃው ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተር ይመጣል፣ ከፊት የሚገባው አየርም ያበርደዋል። መኪናው ሲሮጥ አየሩ በራሱ ይገባል። ሲቆም ግን ሥራው በሙሉ የቬንትሌተሩ ነው። የኢ-ታይፕ አፍ ጠባብ፣ ቬንትሌተሩም አንድና ደካማ ስለነበር ከተማ ውስጥ ሲቆም የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ይወጣል። የመጀመሪያው መፍትሔ እንግዲህ ጠንካራ ቬንትሌተር መግጠም ነው።

ጠንካራ ቬንትሌተር ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። 3.8ቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከዲናሞ ነው፤ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚያመነጨው ጥቂት ነው። ቬንትሌተሩ በጣም የሚያስፈልገው ግን መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነው! ጉድለቱን ባትሪው ይሸፍናል፣ ጥቂት ቆይቶም ያልቃል። ስለዚህ ዲናሞው በአልተርኔተር ይተካል፤ አልተርኔተር በዝግታም ቢሆን በቂ ያመነጫል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በ3.8ቱ ላይ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። የዛሬ ዕቃዎች ግን የሚሠሩት ኔጋቲቩ ከአካሉ ጋር ሲያያዝ ነው። ስለዚህ አቅጣጫው መገልበጥ አለበት፤ አሮጌዎቹ መለኪያዎችም አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። ሳያጣራ ያገናኘ መካኒክ ዕቃ ያቃጥላል። የ60 ዓመት ሽቦ ልባሱ የደረቀ ነውና አዲሱን ጭነት በእሱ ላይ መጫን እሳት መጋበዝ ነው፤ ለአዲሶቹ ዕቃዎች የራሳቸው ሽቦ፣ የራሳቸው ፊውዝና ሪሌይ ይዘረጋል።

ኤሲው ገና አሁን መጣ። የኤሲ ኮምፕሬሰር የሚዞረው ከሞተሩ በሚመጣ ቺንጋ ነው፣ ስለዚህ ከሞተሩ ጉልበት ይወስዳል። ሙቀት የሚያስወጣው ክፍሉ ደግሞ ራዲያተሩ ፊት ይቀመጣል፤ ራዲያተሩ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው እንመለሳለን፦ ራዲያተሩም በተሻለ የአሉሚኒየም ራዲያተር ይተካ! «ኤሲ ብቻ» ያለው ሰው በመጨረሻ አምስት ነገር ቀይሮ ያገኘዋል። ለዚህ ነው ጥሩ ባለሙያ ቅደም ተከተሉን የሚጠብቀው፦ መጀመሪያ ማቀዝቀዣው፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ፣ ምቾት መጨረሻ።

የማይታዩ ለውጦች

ሁሉም ለውጥ ግን እንዲህ ሰፊ አይደለም። አንዳንዱ ኮፈኑን ከፍቶ ለሚያይ ሰው እንኳ አይታወቅም።

ካንዴላው ብልጭታ የሚያገኝበትን ሰዓት የሚወስነው ፑንቲና ነው። ፑንቲና እየተበላ ይሄዳል፣ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋል። ዛሬ በእሱ ቦታ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ አለች። ከላይ ክዳኑ ሲገጠም ማንም አያያትም። ከተበላሸችም ፑንቲናው ተመልሶ ይገባል። ብዙዎች የድሮውን ፑንቲና በመኪናው ኪስ ይዘው ይዞራሉ።

ካምቢዮውን ባለ አምስት ማርሽ ማድረግም የተለመደ ነው። በረጅም መንገድ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ መኪናው ያው ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ሥራው ግን ከባድ ነው፤ በኢ-ታይፕ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው አብረው መውጣት አለባቸው። መሪ ለማቅለል ደግሞ ክሩስኮቱ ሥር የሚደበቅ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይገጠማል።

የደህንነት ቀበቶስ? በ1961 በእንግሊዝ ሕግ ቀበቶ ግዴታ አልነበረም። ዛሬ ቀበቶ መጨመር ቅርስ ማበላሸት ነው የሚል ሰው ካለ አልሰማውም። ነገር ግን ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ጠንካራ መሆን አለበት። ስስ ላሜራ ላይ በብሎን የታሰረ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ላሜራውን ገንጥሎ ይወጣል፤ ያለው ከሌለው አይሻልም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የሬዲዮ ነገር ነው። የድሮውን ሬዲዮ ፊት እንዳለ ትቶ ከኋላው ዘመናዊ ዕቃ መደበቅ ይቻላል። አንዳንዱ ግን ለስፒከር ብሎ በሩን በመጋዝ ይቆርጣል። ለአንድ ዘፈን ሲባል የተበሳ በር እንደ ድሮው አይሆንም።

ሞተሩ ጭራሽ ቢወጣስ?

በ2017 ጃጓር ራሱ ኢ-ታይፕ ዜሮ የተባለ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና አሳየ። ባትሪው 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን 270 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል ተብሏል፤ መኪናው ከድሮው 46 ኪሎ ግራም ቀለለ። በሜይ 2018 ልዑል ሃሪና ሜገን ከሠርጋቸው በኋላ የተነዱበት መኪና ይኸው ስለነበር ዓለም በሙሉ አየው። በዚያው ዓመት ኩባንያው ለገበያ አቀርበዋለሁ ቢልም በ2019 ሐሳቡን አቆመ።

ልብ የሚባለው ግን አሠራሩ ነው። ባትሪው ልክ እንደ ድሮው ሞተር መጠንና በተቀራራቢ ክብደት ተሠርቶ በሞተሩ ቦታ ገባ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ደግሞ በካምቢዮው ቦታ። ይህ የሆነው አካሉ ሳይቆረጥ፣ የፈለገ ሰው አንድ ቀን የቤንዚኑን ሞተር መልሶ እንዲያስገባ ተብሎ ነው።

የጥንት መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በምህጻሩ ፊቫ፣ በዚህ አልተደሰተም። በ2019 ባወጣው መግለጫ ሞተሩ ወደ ኤሌክትሪክ የተቀየረ መኪና ታሪካዊ ሊባል እንደማይችል አስታወቀ። ይሁንና የቀየረ ሰው የወጡትን ዕቃዎች በሙሉ እንዲያስቀምጥ መከረ፤ መኪናው ወደ ነበረበት ከተመለሰ እንደገና ታሪካዊ ይሆናልና።

የእንግሊዝ ሕግም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ መስመር አስምሯል። ከሜይ 2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ነው። ነገር ግን ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ለውጥ ተደርጎበት ከሆነ ነፃነቱ ይቀራል። ከፍተኛ ለውጥ የሚባለው ሻንሲውን ወይም አካሉን፣ አክሱንና እገዳውን፣ ሞተሩን የሚነካ ነው። አልተርኔተርና ፑንቲና የሚያስጨንቀው የለም።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው?

እኔ እንደሚገባኝ ጥያቄው «አዲስ ወይስ አሮጌ?» አይደለም፤ «ይመለሳል ወይስ አይመለስም?» ነው። ያ ጠፍጣፋ ወለል ትዝ ይላችኋል? በ1962 አንድ ባለቤት «ይህ ጉድለት ነው» ብሎ ወለሉን ቆርጦ ቢጥለው ኖሮ ልክ ነበር፤ ፋብሪካውም ያንኑ እያደረገ ነበርና። ዛሬ ግን የማይተካ ነገር ጠፋ እንላለን። እኛም ዛሬ ጉድለት ብለን የምንቆርጠውን ነገር የሚቀጥለው ትውልድ በምን ዓይን እንደሚያየው አናውቅም። ስለማናውቅ ነው የመመለሻ በር መተው ያለብን።

የኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የቃለ መጠይቅን ሐሳብ አሳጥረን ልንጽፍ እንችላለን፤ ቀረጻውን ግን አንደመስስም። አንድ ቀን «በእርግጥ እንዲህ ብሏል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይመጣልና።

ስለዚህ መኪና ከመነካቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። አንደኛ፣ ለውጡ መኪናው በደህና እንዲነዳ ይረዳዋል ወይስ ለታይታ ነው? ሁለተኛ፣ ሳይቆረጥና ሳይበሳ በነበረው ብሎን ይታሰራል? ሦስተኛ፣ የወጣው ዕቃ ስሙ ተጽፎበት፣ ፎቶ ተነስቶ ተቀምጧል? ሦስቱም ከተሟሉ ኤሲውም፣ ባለ አምስት ማርሹም ይግባ። ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ የሚውል መኪና ጎማው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይጣበቃል፣ ሰልባትዮው ይዝጋል፤ አለመንካትም በራሱ ይገድለዋል።

ነገሩ የሀብታም ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ግን በቤተሰባችሁ ወይም በሰፈራችሁ አሮጌ ቮልስ ወይም ዲኤክስ ያለው ሰው ካለ ጥያቄው ያው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስፒከር ሊያስገጥም ጋራዥ ሲሄድ፣ መካኒኩ መጋዝ ከማንሳቱ በፊት «ይመለሳል?» ብሎ ይጠይቅ። ከበሩ የወጣውንም ዕቃ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ።