አሰላ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ከአሰላ ወደ አዳማ ስትወርዱ ውሃውን ጠጥታችሁ የጨረሳችሁትን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቃችሁ ከጎናችሁ አስቀምጡት። ኢተያን አልፋችሁ ዴራ ስትቃረቡ ጎኑ መሰርጎድ ይጀምራል፤ አዳማ ስትገቡ ሰው የጨመቀው ይመስላል። ማንም አልነካውም። አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው፤ አዳማ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይበዛል፣ ግፊቱም ይበረታል፤ ታሽጎ የመጣው የደጋ አየር በአንድ አስረኛ ገደማ ይኮማተራል። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያስቀመጠው ሕግ ይኸው ነው፦ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊት ሲጨምር ይዘት ይቀንሳል። የአዳማ ሙቀት ግን አየሩን መልሶ ትንሽ ስለሚለጥጠው፣ ጠርሙሱ የሚሰረጎደው ከስሌቱ ባነሰ ነው።

ሙቀት ጋዝን እንደሚለጥጥ ያጠናው ዣክ ሻርል ነበር፤ ጌይ-ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1802 አሳተመው። የአርሲ እናቶች ድፎ ሲደፉ በየዕለቱ ያዩታል፦ እርሾው በሊጡ ውስጥ ያሰረው ጋዝ እሳት ሲያገኘው ያብጣል፣ ዳቦውም ይነፋል። በቀትር ሙቀት የተሞላ ጎማ በአሰላ ብርድ አድሮ ጠዋት ላልቶ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጎሚስታው ቀዳዳ ቢፈልግ አያገኝም።

ስለ በቆጂ ሯጮች ሲወራ «እዚያ ኦክስጅን የለም» ይባላል። ትክክል አይደለም። ከአየሩ ውስጥ ኦክስጅን በቆጂም ጅቡቲም 21 በመቶ ነው። ዳልተን እንዳስረዳው እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ ድርሻ ግፊት አለው፤ በ2,800 ሜትር ላይ ጠቅላላው ግፊት ሲሳሳ የኦክስጅንም ግፊት አብሮ ይሳሳል። ደራርቱና ቀነኒሳ ያደጉት በዚህ አየር ነው።

ከሁሉ የሚቆረቁረኝ የክፍሉ ትምህርት ነው። ተማሪው «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ ይሸመድዳል። ያ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። አሰላ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለው እሳቱ አንሶ አይደለም፤ ውሃው ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ነው። እንፋሎቱን የሚያፍነው ፕሬሸር ኩከርም የሚያፈጥነው ግፊቱን ከፍ አድርጎ ነው።

የአሰላ መምህራን ሆይ፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ጀበና ይዛችሁ ክፍል ግቡ። ቁጥሩን ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡት።