ክትፎ፣ ተቅማጥና የአንቲቦዲ ምርመራ

በሲያትሉ ካፒቶል ሂል ሰፈር ክትፎ ጥሬውን ወይም ለብለብ አስደርጎ የሚበላ ሐበሻ ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለውን ባክቴሪያ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሲያትልና አካባቢዋ ብዙ ልጆችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስያዘው እሱ ነው። ምንጩ በደንብ ያልበሰለ የጃክ ኢን ዘ ቦክስ ምግብ ቤቶች ሀምበርገር ነበር። በአራት ግዛቶች ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አራት ልጆች ሞቱ። ሥጋ ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ላዩን ብቻ ማብሰል አይበቃም።

ኢ. ኮላይ በጤነኛ ሰው አንጀትም ውስጥ ይኖራል። ታዲያ ላብራቶሪው ጎጂውን እንዴት ይለያል? በተለመደው መንገድ የታማሚው ሰገራ ሶርቢቶል የተባለ ስኳር ባለው ማብቀያ ላይ ይዘራል። በማግስቱ አብዛኞቹ ኢ. ኮላዮች ሮዝ ሆነው ሲበቅሉ ኦ157 ቀለም አያወጣም። ቀለም ካላወጣው ጥቂት ተወስዶ፣ ኦ157ን የሚይዝ አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርምን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ከተለበጡ ጥቃቅን የላቴክስ ቅንጣቶች ጋር ይደባለቃል። የተፈለገው እሱ ከሆነ ጠብታው ወዲያው እንደተበላሸ ወተት ይጓጉላል። ሌሎች ባክቴሪያዎችም አልፎ አልፎ ስለሚያጓጉሉት ውጤቱ በተጨማሪ ምርመራ ይረጋገጣል። ባክቴሪያው የሚያመነጨውን መርዝ የሚፈልግ የአንቲቦዲ ምርመራም አለ። ዛሬ ብዙ ላብራቶሪዎች በዘረመል ምርመራ ይጀምራሉ።

አገር ቤት ታይፎይድ ለመመርመር የለመድነው ዊዳል ግን የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው በፈረንሳዊው ሐኪም ፌርናንድ ዊዳል ስም የተጠራው ይህ ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም። የተዘጋጀ የባክቴሪያ ፈሳሽ ከታማሚው የደም ውሃ ጋር ይደባለቃል፤ ከጓጎለ ደሙ ውስጥ አንቲቦዲ አለ ማለት ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ከበሽታው ከዳኑ በኋላም ይቆያል፤ በክትባት ወይም በሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ «ፖዘቲቭ» መባል ብቻውን ዛሬ ታይፎይድ መያዝን አያረጋግጥም። ደም ወስዶ ባክቴሪያውን ማብቀል የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል።

የሁለቱ በሽታዎች ልዩነት ሕክምናውን ይወስናል። ታይፎይድ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። በኦ157 ግን አንቲባዮቲክ ባክቴሪያው ሊያስከትል የሚችለውን ኩላሊትን የሚጎዳ ችግር ሊያባብስ ስለሚችል በአብዛኛው አይመከርም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ከቤት የተረፈ ክኒን ሳይውጥ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ጥሬ ሥጋ በልቶ ከሆነም ሳያፍር ይናገር።