መቶ ሺህ ከየት መጣ?

ሽንት ላብራቶሪ ሲደርስ ጥያቄው «ባክቴሪያ አለ ወይስ የለም?» ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ሽንት ሲወጣ በመውጫው ዙሪያ ቆዳ ላይ ያሉትን ተህዋስያን አጥቦ ስለሚወርድ የጤነኛ ሰው ናሙናም ባክቴሪያ ሊያበቅል ይችላል። የሚያከራክረው ስንት ሲሆን በሽታ ይባላል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በቦስተን ሲቲ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኤድዋርድ ካስ የኩላሊት ኢንፌክሽን ያለባቸውን ሴቶች ሽንት ሕመም ከሌላቸው ሴቶች ሽንት ጋር አነጻጸረ። መለያው በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ ሆነ። ቁጥሩ ለላብራቶሪ ሰው ይመቻል፦ አንድ ማይክሮ ሊትር በምትይዝ የሽቦ ቀለበት ሽንቱን ባክቴሪያ በሚበቅልበት ሳህን (ካልቸር) ላይ ይቀባል፤ በማግስቱ 100 ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ከበቀለ ልኩ ሞላ ማለት ነው።

ሆኖም ቁጥሩ ከተጠናበት በሽታ አልፎ ሄደ። ካስ ያነጻጸራቸው የኩላሊት ሕመምተኞች ነበሩ፤ ሽንት እያቃጠላቸው ክሊኒክ የሚመጡት ሴቶች ጉዳይ ሌላ ነው። በ1982 በሲያትል ዋልተር ስታም እና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉትን ሴቶች ሽንት በቀጥታ ከፊኛቸው ቀድተው ሲመረምሩ፣ ኢንፌክሽኑ ካለባቸው ግማሽ ያህሉ ለወትሮው በሚሰጡት ናሙና 100,000 አይሞሉም ነበር። ለእነሱ 100 እንኳ በቂ ምልክት ሆኖ ተገኘ። እስከዚያው ድረስ «ምንም የለብሽም» ተብለው የተመለሱ ሴቶች ጥቂት አይሆኑም።

ካልቸር አንድ ሌሊት ስለሚፈጅ ሽንት ውስጥ ሲነከር ቀለሙ የሚለወጥ መመርመሪያ፣ ዲፕስቲክ፣ መጣ። አንደኛው ቀለሙ ነጭ የደም ሴል መኖሩን ያሳያል፤ ሌላው ናይትራይት ይፈልጋል። የዚህኛው ኬሚስትሪ ምንጭ በእንግሊዝ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ፒተር ግሪስ በ1879 ያሳወቀው ምላሽ ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያና ዘመዶቹ በሽንት ያለውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ኢንትሮኮከስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ግን አይለውጥም። ለውጡም ፊኛ ውስጥ አራት ሰዓት ገደማ ይሻል። በሽታው ራሱ ሰውየውን በየደቂቃው ሽንት ቤት እያመላለሰ ያን ጊዜ ይነሳዋል! የጠዋት ሽንት የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ በ2014 የተጀመረው የብሪታንያ የሎንጂቱድ ሽልማት በ2024 ለአንድ የስዊድን የሽንት መመርመሪያ መሣሪያ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥቷል። መሣሪያው ባክቴሪያ መኖሩን በ15 ደቂቃ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ደግሞ በ45 ደቂቃ ያሳያል። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ በግምት ከማዘዝ ይድናል።

ሕመም የማይሰማው ሰው ግን ሌላ ነው። ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ቢገኝም አዛውንትን ያለ ምልክት ማከም አይመከርም፤ ነፍሰ ጡርን ግን ማከም ይገባል፣ ችላ ከተባለ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 የእርግዝና ክትትል መመሪያው ላይ ካልቸርን አስቀደመ፤ ካልቸር ከሌለ ደግሞ ከዲፕስቲክ ይልቅ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) እንዲሠራ መከረ።

ይህ ምክር ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታል። ካልቸር በአብዛኛው የትልልቅ ሆስፒታሎች ነገር ነው፤ ማይክሮስኮፕ ግን ለወባና ለቲቢ ሲባል ጤና ጣቢያም ገብቷል። ግራም ስቴይን የሚጠይቀው ጥቂት ቀለም፣ ስላይድና የሠለጠነ ዓይን ነው፤ በሴንትሪፉጅ ባልተሽከረከረ የሽንት ጠብታ ላይ በዘይት ሌንስ በአንድ እይታ አንድ ባክቴሪያ መታየቱ በግምት ያንኑ የካስን 100,000 ያመለክታል። ክትትል ላይ ያለችው እናት ግን ብዙ ጊዜ የምታገኘው ዲፕስቲክ ብቻ ነው።